ፋውንዴሽኖች መደርደሪያውን ይሞላሉ፤ ደመወዙንስ ማን ይከፍላል?

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ልማት ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በኮንትራት የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ማሳወቁ ተሰማ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ለስድሳ ዓመታት ያህል የቆየው የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ። በእነዚህ ሁለት ወሬዎች መካከል፣ ግንቦት 25 ቀን፣ ቢል ጌትስ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተገኝተው፣ ፋውንዴሽናቸው በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ከሚያወጣው 200 ቢሊዮን ዶላር አብዛኛው አፍሪካ ላይ እንደሚውል ተናገሩ።

ዜናዎቹ ተከታትለው በመምጣታቸው በሕዝብ መነጋገሪያ መድረኮች ሁለት የተራራቁ ድምዳሜዎች ሲደጋገሙ ይሰማል። አንደኛው «መንግሥታት ቢወጡም ባለጸጋ ፋውንዴሽኖች ክፍተቱን ይሞሉታል» ይላል። ሁለተኛው «የባለጸጋ ገንዘብ የባለጸጋ አጀንዳ ነው፤ ቢቀር ይሻላል» ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ፋውንዴሽኖች በጤናና በቤተሰብ አገልግሎት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ የተወሰነ ዓይነት ነው። ያ ሥራ በሌላ በቀላሉ አይተካም፤ እሱም በበኩሉ ሌላውን አይተካም። ከማመስገንም ሆነ ከመንቀፍ በፊት የሥራው ዓይነት ቢታወቅ ይጠቅማል።

ከየት የመጣ ገንዘብ ነው?

ፋውንዴሽን ማለት አንድ ሰው፣ ቤተሰብ ወይም ኩባንያ ለበጎ ዓላማ ከሌላው ንብረቱ ለይቶ ያስቀመጠውን ሀብት የሚያስተዳድር ተቋም ነው። ተለይቶ የተቀመጠው ዋና ገንዘብ ኢንዶውመንት ይባላል። ገንዘቡ በአክሲዮንና በመሳሰሉት ይሠራበትና ከትርፉ ለድርጅቶች፣ ለዩኒቨርሲቲዎች ወይም ለመንግሥታት ልገሳ ይሰጣል። በአሜሪካ ሕግ አንድ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከንብረቱ 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ ዓላማ ማውጣት አለበት። ብዙዎቹ ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ ለዘለዓለም መኖር ይመርጣሉ። ጌትስ ፋውንዴሽን ከዚህ የተለየ ውሳኔ ነው ያሳወቀው፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2045 ሊዘጋ።

የገንዘቡ ምንጭ ባሕርይውን ይወስናል። የመንግሥት ዕርዳታ በምርጫና በምክር ቤት ድምፅ ይወጣል ይወርዳል። የፋውንዴሽን ገንዘብ ግን የሚከተለው የአክሲዮን ገበያንና የጥቂት የቦርድ አባላትን ውሳኔ ነው። ስለዚህ ፓርቲ ሲቀያየር አይደነግጥም፤ ሐሳቡን ሲለውጥ ደግሞ የሚጠይቀው መራጭ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀል ነገር አለ። በኢትዮጵያ በፋውንዴሽን ስም የሚጠሩ በርካታ ድርጅቶች ኢንዶውመንት የላቸውም። በየዓመቱ ከለጋሾች ገንዘብ እያሰባሰቡ ራሳቸው አገልግሎት የሚሰጡ፣ በሥራ ቋንቋ ተግባሪ የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትና ለበጎ አድራጎት ትረስት በግልጽ ቦታ ሰጥቷል። ያም ሆኖ በአገር ውስጥ ሀብት የቆሙ፣ ከትርፋቸው የሚለግሱ ተቋማት እስካሁን ጥቂት ናቸው።

የአንድ ጤና ኬላ ሒሳብ

አንድ የገጠር ጤና ኬላ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየነጠልን ማን እንደከፈለው እንጠይቅ። በሕንፃው ውስጥ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ደመወዛቸውን የሚከፍለው በወረዳው በኩል መንግሥት ነው። የቀበሌው ነዋሪ በጉልበትና በቁሳቁስ ያዋጣበት ቤት ይሆናል። በመደርደሪያው ላይ የእያንዳንዱ ቤተሰብ መረጃ የተያዘበት የቤተሰብ ማኅደር ተደርድሯል። በካርቶን ውስጥ ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ፣ ለሳንባ ምች አሞክሲሲሊን፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ከኦቾሎኒ የተዘጋጀ አልሚ ምግብ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚገቡት በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ በዩኒሴፍ፣ ወይም በለጋሾች ድጋፍ ነው። ክትባቱ የሚገዛው በዋናነት ጋቪ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት በኩል ሲሆን ኢትዮጵያም የድርሻዋን ትከፍላለች። ጋቪ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲቋቋም መነሻ ገንዘቡ ጌትስ ፋውንዴሽን የሰጠው 750 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሠራተኞቹ ስለ ድንገተኛ የሕፃናት ሕመም ወይም ስለ ቤተሰብ ዕቅድ የወሰዱትን ተጨማሪ ሥልጠና ደግሞ አንድ ተግባሪ ድርጅት ከአንድ ፋውንዴሽን ባገኘው ልገሳ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል።

ልጇን ይዛ የመጣች እናት ይህን ሁሉ አታየውም፤ ማየትም አይጠበቅባትም። ለእሷ ጤና ኬላው አንድ ነው። ከጀርባው ግን አምስት ስድስት ከፋዮች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ውል የተለያየ ነው፤ የሚያልቅበትም ቀን እንደዚያው። ከዚህ የተነሳ አንድ ለጋሽ ሲወጣ አገልግሎቱ ባንድ ጊዜ አይፈርስም። አንድ ቁራጭ ይጎድላል። መድኃኒቱ አለ፣ ከወረዳው መጋዘን የሚያደርሰው መኪና ነዳጅ የለውም። ክትባቱ አለ፣ የተበላሸውን ማቀዝቀዣ የሚጠግነው ባለሙያ ውሉ አብቅቷል። የእንዲህ ዓይነቱ ጉድለት ክፋቱ በጋዜጣ የሚወጣ አለመሆኑ ነው፤ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር ሲያንስ ወይም የኩፍኝ ወረርሽኝ ሲነሣ ነው።

ይህ አሠራር ውጤት አላመጣም ማለት አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በየቀበሌው ተሰማሩ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2019 ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ባለትዳር ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙበት መጠን ከ8 ወደ 41 በመቶ ከፍ ብሏል። ለዚህ ምስጋናው የአንድ ወገን አይደለም። የሰው ኃይሉንና መዋቅሩን ያቆመው መንግሥት ነው፤ በመዋቅሩ ውስጥ ያለፈውን ክትባት፣ መድኃኒትና ሥልጠና በብዛት የሸፈኑት ደግሞ የውጭ ለጋሾች ናቸው። የብሔራዊ ጤና ሒሳብ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአገሪቱ አጠቃላይ የጤና ወጪ ሲሶው ያህል ከውጭ፣ ሲሶው ያህል ከመንግሥት፣ የቀረውም በአመዛኙ ከታካሚው ኪስ ሲወጣ ቆይቷል።

ዋጋ ያስቀነሰ ዋስትና

ፋውንዴሽኖች በምን ሥራ እንደሚልቁ ለማየት ኢምፕላኖንን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። ኢምፕላኖን 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ቀጭን ዘንግ ናት። በላይኛው ክንድ ቆዳ ሥር ትቀበርና ለሦስት ዓመታት እርግዝናን ትከላከላለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን እንዲሠሩ ስትፈቅድ ውሳኔው ደፋር ነበር፤ በብዙ አገሮች ሥራው ለሐኪምና ለነርስ ብቻ የተተወ ነበርና። ለገጠር ሴት ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ በየሦስት ወሩ ለመርፌ ጤና ጣቢያ ድረስ የምትሄድበት መንገድ ይቀርላታል።

እንቅፋቱ ዋጋው ነበር። አንዱ እስከ 18 ዶላር ይሸጥ ነበር። አምራቾቹ ዋጋ ላለመቀነስ ምክንያት ነበራቸው፤ ድሃ አገሮች ምን ያህል እንደሚገዙ የሚያውቅ የለም፣ ፋብሪካ አስፋፍቶ ገዢ ማጣት ኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አካባቢ ጌትስ ፋውንዴሽን፣ ዋና ቢሮው ለንደን የሆነው የሕፃናት ኢንቨስትመንት ፈንድ ፋውንዴሽን፣ የኖርዌይ መንግሥትና ሌሎች ተባብረው ለባየርና ለሜርክ ኩባንያዎች የግዢ መጠን ዋስትና ሰጡ። የስምምነቱ መንፈስ «ይህን ያህል በስድስት ዓመት ውስጥ ካልተሸጠ ጉድለቱን እኛ እንሸፍናለን» የሚል ነው። ዋጋው ወደ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወረደ። በዚያው በጀት ሁለት እጥፍ ሴቶችን መድረስ ተቻለ።

እንዲህ ያለ ሥራ መንግሥታት በቀላሉ አይሠሩትም። የግብር ከፋይን ገንዘብ ለማይታወቅ ኪሳራ ዋስ አድርጎ ማስያዝ በምክር ቤት ያስጠይቃል። ፋውንዴሽን ግን ሊከስር የሚችልን ነገር የመሞከር ነጻነት አለው። አዲስ ክትባት እስኪፈተሽ መጠበቅ፣ ገበያ የረሳውን በሽታ ማስጠናት፣ አዲስ የአሠራር ዘዴ በጥቂት ወረዳዎች መሞከር፣ በዚህ ሁሉ የሚተካከለው የለም።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። የተቀበረው ዘንግ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ወይም ሴቲቱ ልጅ ስትፈልግ፣ መውጣት አለበት። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የሠለጠኑት ለመቅበር ነበር፤ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ የተተወ ነበር። በፕሮጀክት ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው የተቀበረው ነው። የማውጣቱ ሥራ ግን ፕሮጀክቱ ካለፈም በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል። ጤና ጣቢያው የሠለጠነ ሰው፣ ማደንዘዣና ንጹሕ መሣሪያ ከሌለው፣ በራሷ ፈቃድ የጀመረችውን በራሷ ፈቃድ ማቆም የማትችል ሴት ትኖራለች። ይህ የአንድ ድርጅት ጥፋት አይደለም። ለጀማሪው ክፍል የሚመጣ ገንዘብ ለአስቀጣዩ ክፍል እንደማይመጣ የሚያሳይ ነው፤ በሌሎች ፕሮግራሞችም ደጋግሞ የሚታይ ነው።

አንድን ሕመም ይዞ መክረም

ሁሉም በጎ አድራጎት ጀምሮ የሚሄድ አይደለም። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ፌስቱላ ምጥ ለቀናት ሲቆይና እርዳታ ሲጠፋ በፊኛ ወይም በዓይነ ምድር መውጫ በኩል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ሳይታወቅ ይወጣል፤ ብዙ ሴቶች ልጃቸውም ሞቶ፣ ትዳራቸውም ፈርሶ፣ ከጎረቤት ተለይተው ለመኖር ይገደዱ ነበር። ሆስፒታሉ ከባሕር ዳር፣ ከመቀሌ፣ ከይርጋለም፣ ከሐረርና ከመቱ ማዕከላቱ ጋር ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችን በነጻ አክሟል። ወጪውን የሚሸፍነው በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች በተቋቋሙ ደጋፊ ድርጅቶች በኩል ከሚሰበሰብ ልገሳ ነው።

ከሁሉ የሚያስመሰግነው ውሳኔ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ከገጠር ይመለመላሉ፤ ሲመረቁም ወደመጡበት አካባቢ ተመልሰው በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ። የተሰበረውን ከመጠገን ወደ ስብራቱ ምንጭ መሄድ ማለት ይህ ነው፤ በቅርቡ አዋላጅ ያላት ሴት ሦስት ቀን አታምጥም። ካትሪን ሃምሊን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ የተዉት ሕክምና ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን መዋቅር የሚመግብ ትምህርት ቤትም ነበር።

ዓይንን የሚያሳውረው የትራኮማ በሽታ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤድና ማኮኔል ክላርክ ፋውንዴሽን ከፋይዘር ኩባንያ ጋር የዓለም አቀፍ ትራኮማ ኢኒሼቲቭን መሠረተ፤ ኩባንያውም አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት በነጻ መስጠት ጀመረ። በአማራ ክልል ካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ላይ ሠርቷል። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ መድኃኒቱ ለሕዝቡ በጅምላ ይታደላል፣ ፊትን መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና ይሰበካል። ብዙ ዓይን ከመታወር ድኗል። ሆኖም በክልሉ አንዳንድ ወረዳዎች ከአሥር ዓመት በላይ መድኃኒት ታድሎም በሽታው አልጠፋም። ፊትን ለመታጠብና ለአካባቢ ንጽሕና የሚያስፈልጉት ውኃና መጸዳጃ ቤት በልገሳ እሽግ አይመጡም። ጉድጓድ መቆፈር፣ ቧንቧ መዘርጋት፣ ፓምፕ ሲበላሽ መጠገን የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ የዚያ ጽሕፈት ቤት በጀት ደግሞ ከሁሉ ቀጭኑ ነው። ሂልተን ፋውንዴሽን በደራ፣ በፋርጣና በሰሜን ሜጫ ወረዳዎች ከወረዳ አስተዳደሮች ጋር የረጅም ጊዜ የውኃ ዕቅድ እንዲወጣ መደገፉ፣ ችግሩ የቁፋሮ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር መሆኑን ከመረዳት የመጣ ነው።

ገንዘቡ በየትኛው በር ይገባል?

በኢትዮጵያ የጤና ዕርዳታ የሚገባባቸው መንገዶች ቻናል 1፣ 2 እና 3 ይባላሉ። በቻናል 1 ገንዘቡ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ከመንግሥት በጀት ጋር ይቀላቀላል። በቻናል 2 በቀጥታ ለጤና ሚኒስቴር ይሰጣል፤ ለጋሾች በአንድ ቋት የሚያዋጡበት የዘላቂ ልማት ግቦች ፈንድ በዚህ በር የሚገባ ነው። በቻናል 3 ለጋሹ ራሱ ወይም እሱ የመረጠው ድርጅት ይይዘዋል። የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ በአብዛኛው በሦስተኛው በር ያልፍ ነበር፤ የብዙ ፋውንዴሽኖችም እንዲሁ።

ሦስተኛው በር የራሱ ጥቅም አለው። ፈጣን ነው፣ ወጪውን እስከ መጨረሻው ለመከታተል ይመቻል፣ ቢሮክራሲ አያዘገየውም። ጉዳቱ የሚታየው በሩ ሲዘጋ ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያንን ወጪ በመዝገቡ ላይ አይቶት ስለማያውቅ፣ ሲቋረጥ ምን ያህል እንደጎደለ እንኳ ለማስላት ይቸገራል። ጤና ሚኒስቴር «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለውን መርሕ ለዓመታት ሲያቀነቅን የኖረው ይህንኑ ለማስቀረት ነው። ለጋሾቹ መርሑን በቃል ተቀብለውታል፤ በተግባር ግን ብዙዎቹ የራሳቸውን ሪፖርት መጠየቃቸውን አላቆሙም።

የአገር ውስጥ ሕግም አሻራውን ትቷል። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ ያላቸው ድርጅቶች በሴቶች፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ጤና በቀጥታ ባይከለከልም፣ ከአዋጁ ጋር የመጣው፣ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያዘው የ70/30 መመሪያ ሥልጠናንና ክትትልን የመሰሉ ወጪዎችን ከአስተዳደር ወጪ ስለሚቆጥር፣ ሥራቸው ሥልጠና የሆነ የጤና ድርጅቶች ከጣሪያው በላይ እየሆኑ ይቸገሩ ነበር። አዋጅ 1113/2011 ክልከላውን አንሥቶ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ 20 በመቶ አደረገው፤ በአስተዳደር ወጪ ሥር የሚቆጠሩትንም አጠበበ። የተደፈረን ሕፃን ማከምና መብቱን ማስከበር በአንድ ጣሪያ ሥር መቻል አለባቸው፤ በቀድሞው ሕግ ይህ ከባድ ነበር።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

የፋውንዴሽኖች ነቃፊዎች ከባዱ ጥያቄያቸው የተጠያቂነት ነው። ሲያትል ወይም ለንደን የተቀመጠ ቦርድ የኢትዮጵያ ቅድሚያ ጉዳይ ወባ ነው ወይስ የደም ግፊት ብሎ ሲወስን ማን መረጠው? ገንዘብ ለሚቆጠር ነገር ይሄዳል፤ የተሰጠ ክትባት ይቆጠራል፣ የተከበረች ታካሚ አትቆጠርም። በዚህ የተነሣ እንደ ካንሰር፣ ስኳርና የአእምሮ ሕመም ያሉት በለጋሽ ገንዘብ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ዳር ቆይተዋል። ፕሮጀክቶች በተሻለ ደመወዝ ጥሩ ባለሙያዎችን ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ የሚለውም ወቀሳ ትክክል ነው። ግልጽነትም ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ለሚሠራ ማዕከል 25 ሚሊዮን ዶላር ስሙ ካልተገለጸ ለጋሽ ማግኘቱን አስታውቆ፣ ሥራው በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ሥራው ሐኪሞችን የማሠልጠን ነው፤ ሆኖም በአገር ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራን ገንዘብ ባለቤት ሕዝቡ ማወቅ አለበት ብሎ መከራከር ተገቢ ነው።

ደጋፊዎቹ የሚያነሡት ደግሞ ችላ የሚባል አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ሲሰጥ ኖሯል። የአሜሪካ መንግሥት ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ የሚሠራ ወይም መረጃ የሚሰጥ የውጭ ድርጅት ገንዘቡን እንዳያገኝ የሚከለክለውን «የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ» እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያሰፋው የአሜሪካን ድጋፍ ካጡት አንዱ ይህ ማኅበር ነው። ፖሊሲው ፕሬዚዳንትነቱ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይነሣል ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025ም ተመልሷል። ክሊኒክ ግን በአራት ዓመት አንዴ ሊዘጋና ሊከፈት አይችልም። እንደ ፓካርድ ያሉ በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ለዓመታት የሠሩ ፋውንዴሽኖች ዋጋቸው ከዚህ ላይ ይታያል፤ ከምርጫ ውጤት ጋር አብረው አይወድቁም።

በእኔ ግምት የነቃፊዎቹ ጥያቄ ትክክል ነው፣ መደምደሚያቸው ግን አይከተልም። ተጠያቂነት የሚጎድለው ገንዘቡ ስለመጣ አይደለም፤ ተቀባዩ ወገን አስቀድሞ ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ሳያስቀምጥ ሲቀር ነው። ጠንካራ ዕቅድ ያለው ክልል ለጋሹን ወደ ዕቅዱ ይስበዋል። ዕቅድ የሌለው የለጋሹን ዕቅድ ይወርሳል።

የአገር ልጅ ኪስ

ከውጭ የሚመጣው ሲመነምን ዓይን ወደ አገር ውስጥ መዞሩ የማይቀር ነው። መሠረቱ አለ። አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. በወሎ ድርቅ ጊዜ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን አንሥተው የጀመሩት ማሳደጊያ፣ እሳቸው በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የትምህርት፣ የጤናና የቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጥ ትልቅ ማኅበር ሆኗል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በአመዛኙ በሕዝብ መዋጮ ቆሟል፤ በስልክ አጭር መልእክትና በቀጥታ ስርጭት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለብዙዎች የመስጠት በር ከፍቷል። ዳያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ በ2010 ዓ.ም. የተጠየቀበት የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድም ገንዘብ አሰባስቦ የጤና ሥራዎችን ጭምር ደግፏል።

ይሁንና የሕዝብ ልገሳ ፊትና ታሪክ ይፈልጋል። ለአንድ ሕፃን የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ለጎዳና አረጋዊ መጠለያ ሕዝብ ፈጥኖ ይዘረጋል። ለማቀዝቀዣ ጥገና፣ ለመድኃኒት ማጓጓዣ፣ ለመረጃ ጸሐፊ ደመወዝ የሚያዋጣ የለም። ለዚህኛው ወጪ የተሻለው መንገድ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባወራው በዓመት የሚከፍለው መዋጮ ጤና ጣቢያው ዘንድ ቋሚ ገቢ ይሆናል፤ ዕድሩን ለሚያውቅ ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የሚያስቸግረው፣ ከፍሎ ሄዶ መድኃኒት ያጣ አባል በሚቀጥለው ዓመት አለማደሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

የቁጥሩ ስሌት ራሱ መልስ ይሰጣል። 200 ቢሊዮን ዶላር ለ20 ዓመታት ሲከፈል በዓመት 10 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ያውም ለመላው ዓለም፣ ከፖሊዮ እስከ ግብርናና እስከ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚከፋፈል። ኢትዮጵያ ብቻዋን በቅርብ ዓመታት ከአሜሪካ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ስታገኝ ነበር፤ ብዙው የምግብና የሰብዓዊ ዕርዳታ ነው። ብሪታንያም የዕርዳታ በጀቷን እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ከብሔራዊ ገቢዋ ወደ 0.3 በመቶ ለማውረድ ወስናለች። ስለዚህ ፋውንዴሽኖች መንግሥታት የተዉትን ይሞላሉ የሚለው ተስፋ በሒሳብ አይቆምም። ጌትስ ራሳቸውም ይህን ደጋግመው ተናግረዋል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ባወጣችው አዲስ የዓለም ጤና ስትራቴጂ ገንዘቧን በተግባሪ ድርጅቶች ከማሳለፍ ይልቅ ከመንግሥታት ጋር በሚፈረም የሁለትዮሽ ስምምነት፣ የተቀባዩም ድርሻ በየዓመቱ እያደገ እንዲሄድ ትፈልጋለች። ይህ በመርሕ ደረጃ ጤና ሚኒስቴር ሲጠይቀው ከኖረው ጋር ይቀራረባል። አደጋው መንግሥት ሊደርስባቸው የሚቸገሩ ሰዎች፣ በግጭት አካባቢ ያሉና መገለልን የሚፈሩ፣ ከመካከል እንዳይወድቁ ነው። የፋውንዴሽኖች አነስተኛ ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ የሚፈለገው እዚያ ይሆናል።

የምንዛሬው ለውጥም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ልገሳ የሚቀበል ድርጅት ለደመወዝና ለቤት ኪራይ ሰፊ ብር አገኘ። መድኃኒት ከውጭ የሚገዛው የመንግሥት አቅርቦት ግን በዚያው ብር የሚገዛው ግማሽ ሆነበት። ሁለቱ በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን ሲሠሩ ባለሙያው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

የየወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ መታየት ያለበት ሁለት መስመር ነው፤ የመድኃኒት ግዢና የሰው ኃይል መደብ። ውላቸው የተቋረጠው ባለሙያዎች ይሠሩት ከነበረው ሥራ ምን ያህሉ በቋሚ መደብ ተያዘ? ከፋውንዴሽን ጋር የሚፈረም እያንዳንዱ አዲስ ስምምነትስ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ወጪውን ማን እንደሚረከብ በቁጥር ያሳያል? በ2018 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ የተመረቀች አዋላጅ ጌትስ ፋውንዴሽን በሚዘጋበት ዓመት ገና 41 ዓመቷ ይሆናል፤ ለጡረታ ሌላ 19 ዓመት ይቀራታል። የእነዚያ 19 ዓመታት ደመወዝ ከየትኛውም የልገሳ ውል ውስጥ የለም፤ ሊኖር የሚችለው በወረዳው መደብ ውስጥ ብቻ ነው።